ጉናን የሚጠብቀው ገበሬ ድርሻውን ያግኝ

ከደብረ ታቦር ወደ ጋይንት የሚጓዝ ሰው ጉናን ሳያይ አያልፍም። ከባሕር ጠለል በላይ ከ4 ሺህ 100 ሜትር የሚልቅ ከፍታ ያለው ይህ ተራራ የደቡብ ጎንደር ዞን ጣሪያ፣ የአካባቢው የውኃ ማማ ነው። ርብና ጉማራ መነሻቸው ጉና ሲሆን፣ የፎገራን ሜዳ አቋርጠው ጣና ይገባሉ። የጉና ጉዳይ የፋርጣ፣ የጉና ቤጌምድር፣ የእስቴና የላይ ጋይንት ወረዳዎች ጉዳይ ብቻ ሆኖ ሊታይ የማይገባውም ለዚህ ነው።

ተራራው የጓሳ ሣር፣ ጅብራና አስታ መብቀያ ነው። በኢትዮጵያ ደጋዎች ብቻ የሚገኘው ቀይ ቀበሮም ይኖርበት እንደነበር ተመዝግቧል። ይሁን እንጂ ባለፉት አሥርት ዓመታት የገብስና የድንች እርሻ ቀስ በቀስ ሽቅብ ወጥቷል። ከብትና በግ ከዓመት እስከ ዓመት ተሰማርቶበታል፤ አስታውም ለማገዶ ተቆርጧል። ገበሬው ይህን ያደረገው የተራራውን ጥቅም ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። ከአባቱ የደረሰው ማሳ ለልጆቹ ሲከፋፈል እያነሰ፣ አፈሩም እየሳሳ በመሄዱ ሌላ መሄጃ አጥቶ ነው።

ጉዳቱ ግን ከተራራው ጋር አይቀርም። ሣሩ የተራቆተ ቁልቁለት የክረምቱን ዝናብ አይዝም፤ ውኃው አፈሩን ጠርጎ ይወርዳል፤ በጋ ሲገባ ደግሞ ምንጩ ይነጥፋል። በ1998 ዓ.ም ክረምት በፎገራና በሊቦ ከምከም የደረሰው የጎርፍ አደጋ ከላይ ያለው መሬት ከታች ካለው ሕይወት ጋር ምን ያህል የተሳሰረ እንደሆነ ያሳየ ነው። ዛሬ ደግሞ በርብ ወንዝ ላይ 234 ሚሊዮን ሜትር ኪዩብ ውኃ እንዲይዝ የተገነባ ግድብ አለ። ከላይ የሚወርደው ደለል በቀነሰ ቁጥር የግድቡ ዕድሜ ይረዝማል፤ የፎገራ ሩዝና ሽንኩርት አምራችም ተጠቃሚ ይሆናል።

ጉና ማኅበረሰብ አቀፍ ጥብቅ ሥፍራ እንዲሆን መደረጉ ተገቢ እርምጃ ነው። የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲም ተራራውን የምርምር ትኩረቱ ማድረጉ ይበል የሚያሰኝ ነው። አሁን ሊነሣ የሚገባው ጥያቄ የጥበቃውን ዋጋ ማን እየከፈለ፣ ጥቅሙንስ ማን እያገኘ ነው የሚለው ነው። በጉቹን እንዳያሰማራ፣ ማሳውን እንዳያሰፋ፣ ማገዶ እንዳይቆርጥ የሚከለከለው በድንበሩ ዳር የሚኖረው ገበሬ ነው። ውኃውን የሚያገኘው ግን በአብዛኛው ከታች ያለው ነው። ዋጋውን አንዱ ከፍሎ ጥቅሙን ሌላው የሚወስድበት ጥበቃ ደግሞ ውሎ አድሮ አይጸናም።

ክልላችን ከዚህ የሚማርበት የራሱ ታሪክ አለው። የመንዝ ጓሳ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በአካባቢው ሕዝብ ሥርዓት ሲጠበቅ ኖሯል። ሣሩ ለዓመታት ይከለላል፤ ሲደርስ በአባቶች ውሳኔ ይከፈታል፤ ሕዝቡም ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለከብት መኖ ይጠቀምበታል። የጥበቃው ጉልበት ሕዝቡ ተራው ሲደርስ እንደሚያጭድ ማወቁ ነበር። ሥርዓቱ የባለርስቶችን መብት የተከተለ በመሆኑ ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ቢላላም፣ ማኅበረሰቡ በአዲስ መተዳደሪያ ደንብ መልሶ አቁሞታል።

የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ታሪክም ትምህርት የሚወሰድበት ነው። ፓርኩ እ.ኤ.አ በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በ1996 ግን አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ገባ። ከዚህ መዝገብ የወጣው ከ21 ዓመታት በኋላ፣ በ2017 ነው። ለመውጣቱ የልቅ ግጦሽ መቀነስና የግጭ መንደር ነዋሪዎች ወደ ደባርቅ መዛወር ድርሻ ነበራቸው። ዋልያን ለማትረፍ ሲባል ከ400 በላይ አባወራዎች ቀያቸውን ለቀዋል። ይህ ትልቅ ዋጋ ነው። ጉና ላይ ነገሩ እዚያ ደረጃ ሳይደርስ በስምምነት መሥራት ይቻላል፤ ጊዜውም አሁን ነው።

የጥቅም ነገር ሲነሣ ቶሎ የሚጠቀሰው ቱሪዝም ነው። በሰሜን ተራሮች በበቅሎ አከራይነት፣ በመንገድ መሪነትና በምግብ አብሳይነት ኑሯቸውን የመሠረቱ ብዙዎች ናቸው። ነገር ግን የሰላም እጦት ጎብኚን ሲያርቅ ይህ ገቢ ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚቋረጥ ያለፉት ዓመታት አሳይተዋል። ስለሆነም የጉና ገበሬ ይመጣል የተባለ ቱሪስት እየጠበቀ በጎቹን ከተራራው እንዲያወርድ መጠየቅ ፍትሐዊ አይሆንም። ጥቅሙ ከራሱ ከእርሻው መጀመር አለበት።

በመጀመሪያ፣ የተከለለው ሣር በተራ እየታጨደ ለድንበር ቀበሌዎች ነዋሪ እንዲከፋፈል፣ ክፍፍሉም በቀበሌው ሕዝብ ፊት እንዲፈጸም ማድረግ ያስፈልጋል። መኖ በእጁ የገባ ገበሬ በጎቹን በቤቱ አሞክቶ ለደብረ ታቦር ገበያ ማቅረብ ይችላል። ሁለተኛ፣ የተሻሻለ የድንችና የገብስ ዘር፣ የደጋ ፍራፍሬ ችግኝ፣ ዘመናዊ ቀፎና ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ሲከፋፈሉ ቅድሚያው ግጦሹን ላጣው ቤተሰብ መሆን አለበት። ሦስተኛ፣ በተፋሰሱ ታች ያሉ የውኃ ተጠቃሚዎች ለላይኛው ጥበቃ የሚያዋጡበት አሠራር ሊታሰብ ይገባል። የፎገራ መስኖ ተጠቃሚ ለቦይ ጠረጋ እንደሚያዋጣ ሁሉ፣ ለምንጩም ቢያዋጣ የሚያተርፈው ራሱ ነው።

ደንቡን የሚያወጣውና የሚያስፈጽመውም ነዋሪው ራሱ ሊሆን ይገባል። ባለሙያው የሥነ ምኅዳሩን ዕውቀት ያምጣ፤ የትኛው ገደል ለበግ፣ የትኛው ሸለቆ ለሣር እንደሚሆን ግን እረኛው ያውቀዋል። ማገዶ ለቅመውና ውኃ ቀድተው የሚመለሱት ሴቶችም በውይይቱ ድምፅ ሊኖራቸው ግድ ነው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባላል። የርብና የጉማራ ጥሩ ውኃ የሚገኘው ከጉና ነው። የጉና ዘላቂ ጠባቂ ደግሞ በግርጌው የሚያርሰው ገበሬ በመሆኑ፣ ዞኑና ወረዳዎቹ ቀጣዩ ክረምት ሳይገባ ከእርሱ ጋር ተቀምጠው ድርሻውን ሊወስኑለት ይገባል።