ቦርጎ፤ በሮማ ከተማ ያለ የጥንት ሰፈር

በዛሬው ገጻችን ስለ አንድ የሮማ ከተማ ሰፈር ልናጫውታችሁ አስበናል። ይህ ነገር ከቤተ ሰብ ገጽ ጋራ ምን ያገናኘዋል የሚል ቢኖር እስከ መጨረሻው ይታገሠን። ዘመኑን ሁሉ የጻፍነው በአውሮጳ አቈጣጠር ነው።

ወደ ሮማ የሄድነው ለሽርሽር አይደለም። የእኅታችን ልጅ በዚያ ከተማ በአንዲት አሮጊት ቤት ተቀምጣ፣ እርሳቸውን እየጦረች ትኖራለች፤ አምስት ዓመት የሞላት ሴት ልጅም አለቻት። የአሮጊቲቱ ልጆች ሕፃኒቱ ከዚያ ቤት እንድትወጣ ስለ ፈለጉ፣ በሲሪንቃ የምትኖረው እኅታችን «የልጅ ልጄን አምጣልኝ፤ እኔ አሳድጋታለሁ» ብላ አዘዘችን። እኛም በፍርድ ቤት ጸሓፊነት ብዙ ዘመን የቈየን ስለ ሆንን የአሳዳሪነትና የሞግዚትነት ጽሕፈቱን በገዛ እጃችን አዘጋጅተን በኪሳችን ይዘን ተነሣን። በሲሪንቃ የምትከበረው ቅድስት አርሴማ፣ ገድልዋ እንደሚነግረን፣ ከሮማ ወደ አርመን አገር የተሰደደች ናት፤ የኛ ልጅ ደግሞ ከአርሴማ ደጅ ወደ ሮማ ተሰደደች።

ቦርጎ የሚባለው ሰፈር በቲቤር ወንዝና በቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን መካከል ይገኛል። ስሙ የመጣው ከሰሜን ሕዝቦች ቋንቋ ነው፤ ይኸውም ከእንግሊዝ አገር ለመሳለም የመጡ ሳክሶኖች በጥንት ዘመን በዚያ ሠፍረው ስለ ነበረ ነው። በ846 ዓረቦች በባሕር መጥተው የቅዱስ ጴጥሮስን ቤተ ክርስቲያን ስለ ዘረፉ፣ ፓፓ ልዮን 4ኛ ሰፈሩን በግንብ አሳጠሩት፤ ግንቡም በ852 ተፈጸመ። በዚህ ግንብ ላይ ኋላ ፓሴቶ የሚባል መሸሻ መንገድ ተሠርቶበታል፤ ርዝመቱ 800 ሜትር ያህል ሲሆን ከቫቲካን ተነሥቶ ቅዱስ መልአክ ከሚባለው አምባ ይደርሳል። በ1527 የንጉሠ ነገሥት ካርሎስ 5ኛ ጭፍሮች ሮማን ሲዘርፉ ፓፓ ቅሌምንጦስ 7ኛ ነፍሳቸውን ያዳኑት በዚሁ መንገድ ሮጠው ነው። ዛሬ ከሥሩ መቍጠሪያና ሥዕል ሻጮች ተደርድረው፣ በጠባቡ በቦርጎ ፒዮ መንገድ ሰው ቡናውን ደጅ ተቀምጦ ይጠጣል። ቤቶቹ ተደጋግፈው የቆሙ ናቸው።

የእኛ አባቶችም ወደዚህ አገር የመጡት ዛሬ አይደለም። ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን በስተ ጀርባ፣ ዛሬ በቫቲካን ቅጥር ውስጥ፣ የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ የሚባል ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አለ። ፓፓ ሲክስቶስ 4ኛ በ1479 ለኢትዮጵያ መነኮሳት ማረፊያ እንዲሆን ሰጡት። ፒልግሪም የሆነ መነኩሴ ከኢየሩሳሌም ተሻግሮ በእግሩና በመርከብ ደክሞ ሲደርስ የአገሩን ቋንቋ የሚሰማው በዚያ ነበር። እኛ ቲኬት ቈርጠን ከአትክልቱ ጐብኚዎች ጋራ ገባን፤ በሩ ተዘግቶ ስለ ነበር ከደጁ ቆመን በድንጋዩ ላይ የተቀረጸውን የበግ ምልክት ተመለከትን። አብረውን የነበሩት እንግዶች ፎቶግራፍ አንሥተው ቶሎ አለፉ፤ እኛ ግን ጫማችንን ለማውለቅ ምንም ያህል አልቀረንም ነበር።

በዚህ ቤት ያልተሠራ ነገር የለም። ፖትከን የሚባል ጀርመናዊ መነኮሳቱ በግዕዝ ሲያዜሙ ሰምቶ ቋንቋውን ከነርሱ ተማረና በ1513 መዝሙረ ዳዊትን በሮማ አሳተመ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመ የግዕዝ መጽሐፍ ይህ ነው። ዳሩ ግን ሰውየው ቋንቋውን ከለዳዊ ነው ብሎ አሳወጀ። (ሲያስተምሩት የነበሩት መነኮሳት ይህን ሰምተው ምን ብለው ይሆን?) ከዚያ በኋላ የደብረ ሊባኖሱ አባ ተስፋ ጽዮን፣ አገሩ በግራኝ ጦርነት ሲታወክ ተሰዶ ደርሶ፣ ከባልንጀሮቹ ጋራ በ1548ና በ1549 ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ አሳተመ። አታሚዎቹ ፊደሉን አያውቁም፤ መነኮሳቱም ማተም አያውቁም ነበር። ደግሞም ከቤተ አምሐራ፣ ዛሬ ወሎ ከምንለው አገር፣ ከመካነ ሥላሴ የመጣው አባ ጎርጎርዮስ በ1649 ከሊቁ ከሉዶልፍ ጋራ የተገናኘው በዚሁ ቤት ነው። በ1652 ወደ ጀርመን አገር ሄዶ አስተማረው፤ ሉዶልፍም በ1698 የአማርኛን ሰዋስው ሲያሳትም ያለዚያ ወሎዬ መምህር አልሆነለትም። አባ ጎርጎርዮስ ግን ይህን ሳያይ፣ ወደ አገሩ ሲመለስ በ1658 መርከቡ ተሰብሮ በባሕር ሰጠመ።

ስለ ሰፈሩ መፍረስም ጥቂት እንናገር። ከወንዙ ወደ ቅዱስ ጴጥሮስ አደባባይ የሚወስደው ሰፊ ጎዳና ጥንት አልነበረም። በስፍራው ሁለት ጠባብ መንገዶችና በመካከላቸው የተሰለፉ አሮጌ ቤቶች ነበሩ። ሙሶሊኒ አገራችንን በያዘበት በ1936፣ በጥቅምት ወር፣ እነዚህን ቤቶች ማፍረስ አስጀመረ፤ ጎዳናውም በ1950 ተፈጸመ። በዚያ ይኖር የነበረው ድኻ ከከተማው ዳር ተወስዶ ሰፈረ። ጎዳናው ያምራል፤ አናስተባብልም። ነገር ግን ጥንት መንገደኛው ከጠባቡ መንገድ ሲወጣ አደባባዩ ባንድ ጊዜ ፊቱ ይዘረጋ ነበር ይላሉ፤ ዛሬ ከሩቅ እየታየ ስለሚመጣ ያ ድንጋጤ ቀርቷል። በ2024 በአዲስ አበባ የፒያሳ አሮጌ ቤቶች ሲፈርሱ ያየ ሰው ነገሩ አይጠፋውም፤ መንገዱ አማረ፤ ጎረቤቶች ግን ዛሬ ቡና ለመጠራራት ታክሲ ይሳፈራሉ።

በሐሙስ ከቀትር በኋላ የእኅታችን ልጅ ከሥራዋ ስለምታርፍ ሦስታችን ወደ መንፈስ ቅዱስ ሆስፒታል ሄድን። ይህን ሆስፒታል ፓፓ ኢኖኬንትዮስ 3ኛ በ1198 አቆሙት። ዓሣ አጥማጆች በመረባቸው የሰጠሙ ሕፃናትን ከቲቤር እያወጡ ስላመጡላቸው አዝነው ነው ይባላል፤ ታሪኩም ሲክስቶስ 4ኛ ባሠሩት ትልቅ አዳራሽ ግድግዳ ላይ ተሥሏል። ሐበሾችን ያስጠጉትም ሆስፒታሉን ያደሱትም እኒሁ ፓፓ ናቸው።

በመንገዱ በኩል ባለው ግድግዳ የብረት ፍርግርግ ያለው ትንሽ መስኮት አለ። በውስጡ በእንጨት የተሠራ ተሽከርካሪ ሣጥን ነበረ። ልጅዋን ለማሳደግ ያልቻለች እናት በሌሊት መጥታ ሕፃኑን በሣጥኑ ታስገባለች፤ ሣጥኑን ስታዞረው ሕፃኑ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ማንም ፊትዋን አያይም። በኢጣልያ በነበሩት እንዲህ ባሉት ቤቶች አንዳንዶቹ እናቶች ኋላ ለመታወቂያ እንዲሆን ለሁለት የተከፈለ ሜዳሊያ ግማሹን በሕፃኑ አንገት አስረው ግማሹን ይዘው ይሄዱ ነበር። በሮማ ፕሮየቲ የሚባለው የቤተ ሰብ ስም «የተጣሉት» ማለት ነው፤ ከዚህ የመጣ ነው።

ይህን ሁሉ ስንናገር ሕፃኒቱ እጅዋን በፍርግርጉ ታስገባና ታወጣ ነበር። በኢጣልያንኛ አንድ ነገር እናትዋን ጠየቀች። «ምን አለች?» ብንላት የእኅታችን ልጅ ወዲያው አልመለሰችልንም። ቈይታ «እናቶቹ ተመልሰው ይመጡ ነበር ወይ ትላለች» አለችን።

በዚያው ምሽት ጽሕፈቱን ሰጠናት። እስከ መጨረሻው አነበበችና «ጋሼ፣ አሳዳሪና ሞግዚት የሚለው ምን ማለት ነው?» አለችን። አሳዳሪ ማለት ልጁን ተንከባክቦ የሚያሳድግ፣ ሞግዚት ማለት ደግሞ በልጁ ስም ቆሞ የሚሟገትለት፣ ንብረቱንም የሚጠብቅለት መሆኑን እንደ ሕጉ አስረዳናት። «እኔስ ለሰው እናት ሞግዚት አይደለሁምን? ለልጄ ሞግዚት ላቁምላት?» ብላ ሣቀች። ሣቋ ግን አልቈየም። ወረቀቱን ሳትፈርም አጣጥፋ ከጸሎት መጽሐፍዋ ውስጥ አኖረችው፤ እኛም መልሱን አልለመንናትም። አንዲት የአገራችን ሴት ለሁለት ወር ክፍልዋን ልታጋራቸው እሺ ብላለች፤ ከዚያ በኋላ የሚሆነውን በመስከረም እንሰማለን።

ብቻችንን ሲሪንቃ ስንገባ እኅታችን አልጋ አንጥፋ፣ በትንሽ ብርድ ልብስ ሸፍና ቈየችን። የሮማን ወሬም ሆነ የሰነዱን ነገር አልጠየቀችም። «ልጂቱ አማርኛ ትሰማለች?» አለችን።

ትሰማለች አልናት።