የእድሩን መተግበሪያ ራሳችን እንሥራው

የእድራችን የመዋጮ መዝገብ በስልክ ይያዝ የሚለው ሐሳብ ከተነሳ ወዲህ ሠፈሩ በሁለት ወገን ተከፍሎ ይከራከራል። አንዱ ወገን «ባለሙያ ቀጥረን ያሠራልን» ሲል፣ ሌላው «ደብተራችን ምን ጎደለውና!» ይላል። እኛ በበኩላችን ሦስተኛ መንገድ አለ እንላለን፤ ራሳችን እንሥራው።

«የፕሮግራም ቋንቋ ሳንማር እንዴት ተደርጎ?» መባሉ አይቀርም። ተገቢ ጥያቄ ነው። ይሁን እንጂ ላልተማረ ሰው ተብሎ የተዘጋጀ መሣሪያ ከወጣ ዓመታት አልፈዋል። አፕ ኢንቬንተር ይባላል። በ2010 እ.ኤ.አ. ጉግል ያወጣው ሲሆን፣ ኋላ በአሜሪካ የሚገኘው የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተረክቦ እስከ ዛሬ በነፃ ያቀርበዋል። አሠራሩም እንዲህ ነው፦ በኮምፒዩተሩ አንደኛ ገጽ ላይ ቁልፉን፣ የመጻፊያውን ሣጥን፣ ሥዕሉን እየጎተቱ በስልኩ መልክ ላይ ማስቀመጥ ነው። በሁለተኛው ገጽ ደግሞ «ይህ ቁልፍ ሲነካ ይህን አድርግ» የሚሉ ባለቀለም ቁርጥራጮች አሉ፤ እንደ ልጆች መገጣጠሚያ መጫወቻ አንዱ ካንዱ ጋር ይያያዛል። የተሠራውንም እዚያው በአንድሮይድ ስልክ መሞከር ይቻላል።

ባለሙያን መናቃችን አይደለም። ግን የእኛን እድር አሠራር ከእኛ በላይ የሚያውቅ ማን ነው? ለምሳሌ የወሩን ነገር እንውሰድ። መሣሪያው ይዞት የሚመጣው የቀን መምረጫ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። እኛ የምንከፍለው ከመስከረም እስከ ነሐሴ፣ ጳጉሜን ሳይጨምር! ይህን ከደብተር ጋር የኖረች ጸሐፊያችን ሳትጠየቅ ታውቃለች፤ የቀን መምረጫውን ትቶ የወሮቹን ስም በዝርዝር ማስገባት ይበቃል። ቅጣት መቼ እንደሚጀምር፣ ለአራስና ለታመመ ስንት ጊዜ እንደሚታለፍ፣ የሟች ባለቤት በማን ስም እንደምትቀጥል፣ ይህን ሁሉ ለውጭ ሰው ስናስረዳ ከምንውል ቁርጥራጩን ብንገጣጥም አይሻልም ወይ?

አንድ ነገር ግን አጥብቀን እናሳስባለን። በዚህ መሣሪያ ታይኒዲቢ የሚባለው ማስቀመጫ መረጃውን የሚይዘው በዚያው በአንዱ ስልክ ውስጥ ብቻ ነው። ጸሐፊዋ የመዘገበችው በገንዘብ ያዡ ስልክ ላይ አይታይም፤ ስልኩ ከጠፋ ደግሞ መዝገቡም አብሮ ጠፋ ማለት ነው። ታዲያ የአባል መብት በታክሲ ውስጥ በሚጠፋ ስልክ ላይ ይንጠልጠል? አይሆንም! መረጃው ሦስቱም የኮሚቴ አባላት በሚያዩት የጋራ ሠንጠረዥ ላይ ይቀመጥ። የሚከፈትበትም አድራሻ የእድሩ እንጂ የሠሪው ልጅ የግሉ አይሁን። ልጁ ነገ ሥራ አግኝቶ አዳማ ቢሄድ መዝገባችንን ይዞት ሊሄድ ነው እኮ።

ገንዘብ ማስተላለፉንም እንዳንነካው፤ ለዚያ ባንክና ቴሌብር አለ። የእኛው ማን ከፈለ፣ ማን ቀረ የሚለውን ብቻ ይያዝ። የማን ቤት ስንት ወር እንዳለበትም ለሠፈር ወሬ የሚሆን ነገር አይደለም። በ2016 ዓ.ም. የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ መውጣቱን ኮሚቴው ያስታውስ።

ደብተሩ ይቅር የሚሉትን ግን አንደግፍም። አባሎቻችን ሁሉ ዘመናዊ ስልክ የያዙ አይደሉም፤ እናቶቻችን ከፍለው ደረሰኝ በእጃቸው ሲይዙ ነው የሚያምኑት፣ እውነትም አላቸው። ቢያንስ አንድ ዓመት ሁለቱ ጎን ለጎን ይሂዱ፤ በየወሩ መጨረሻም ይመሳከሩ። ልዩነት ከተገኘ ደብተሩ ይጽና።

ከወጣቶቹ የምንለምነው ቅዳሜ ከሰዓት ኮምፒዩተር ይዘው ወደ እድሩ ቤት ብቅ እንዲሉ ነው። ጸሐፊዋ ደብተሩን ይዛ ትገኛለች። መጀመሪያ በወረቀት ላይ ይሣል፤ ስም፣ ወር፣ የተከፈለ፣ ያልተከፈለ። ከዚያ ያለፈው ነገር ለሚቀጥለው ቅዳሜ ይደር።