«መምህር፣ የካሴት ማጫወቻ ልግዛ?» ላልከኝ ልጅ

ባለፈው ሳምንት አንድ የቀድሞ ተማሪዬ በውስጥ መስመር ጻፈልኝ። አሁን የሚሠራው አዲስ አበባ ነው። ወላጆቹን ሊጠይቅ ሽንዲ መጥቶ ሳለ ቆጥ ላይ ግማሽ ማዳበሪያ የሚሆን ካሴት አገኘ። «መምህር፣ ርካሽ የኪስ ካሴት ማጫወቻ ኢንተርኔት ላይ አይቻለሁ፤ ልግዛ ወይስ ብሬን መበተን ነው?» ይላል። መልሱ እየረዘመ ሲሄድብኝ ለሌሎቻችሁም ይሆናል ብዬ እዚሁ ለጠፍኩት።

አጭሩ መልስ፦ ግዛ። ለዘፈን ብለህ ግን አትግዛ።

አስቴርን፣ ኤፍሬምን፣ ነዋይን ለመስማት ካሴት አያስፈልግህም። ዩቲዩብ ላይ ሞልተዋል፤ እውነቱን ለመናገር ድምፁም እዚያ ይሻላል። እነዚህ ትንንሽ ማጫወቻዎች ውጭ አገር ከ20 እስከ 30 ዶላር ነው የሚሸጡት። በዛሬው ምንዛሬ ስትመታው ጥቂት ሺህ ብር ይሆናል፣ ማስመጫውን ሳትጨምር። በዚህ ዋጋ የምታገኘው ቀለል ያለ ፕላስቲክ፣ ሁለት ትንንሽ ድንጋይ የሚበላ፣ ከዘፈኑ ሥር «ሽሽሽ» የሚል ዕቃ ነው። አንዳንዱ ወደኋላ ማጠንጠኛ እንኳ የለውም። እሱን እንደ ድሮው በቢክ እስክሪብቶ እያሽከረከርክ ትጨርሰዋለህ።

የጥንቱን ዎክማን ጠብቀህ እንዳታዝን። ሶኒ ዎክማንን እ.ኤ.አ. በ1979 አወጣው፤ በ2010 የካሴቱን ዎክማን ጃፓን ውስጥ መሸጥ አቆመ። ለጥሩ ማጫወቻ የሚሆነውን ሞተርና ማርሽ የሚሠሩት ፋብሪካዎችም ሥራውን ትተውታል። ዛሬ በርካሽ የሚሸጡት፣ ሽፋናቸው ይለያይ እንጂ፣ ውስጣቸው አንድ ነው ማለት ይቻላል፤ ታናሺን የተባለ የጃፓን ኩባንያ ለርካሽ ቴፕ ይሠራው የነበረውን አካል ቻይና ውስጥ እየቀዱ ያወጡታል። ፍጥነቱን የሚያረጋው መዘውር ትንሽና ቀላል ስለሆነ፣ ይዘኸው ስትራመድ ድምፁ ይንቀጠቀጣል። ድንጋዩ ሲደክም ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ ዘፋኙ ጠጅ ቤት ያመሸ ይመስላል። (ድንጋይ ፀሐይ ላይ ያሰጣችሁ፣ በጥርሳችሁ የነከሳችሁ እጃችሁን አውጡ!) አውሮፓና አሜሪካ ያሉ ወጣቶች ካሴትን እንደ ፋሽን ስለመለሱት አሁን ከ100 ዶላር በላይ የሚያወጡ ደህና ማጫወቻዎችም መጥተዋል። እኔና አንተ ግን ለፋሽን አይደለም የምንፈልገው። እያንዳንዱን ካሴት አንድ ጊዜ፣ ቢበዛ ሁለት ጊዜ ቢያጫውትልን ሥራውን ጨረሰ።

ሥራው ምን መሰላችሁ? እዚያ ማዳበሪያ ውስጥ ያለው አብዛኛው የሱቅ ካሴት ነው፣ የአምባሰል፣ የኤሌክትራ። ከመካከሉ ግን ሁለት ሦስቱ ቤት ውስጥ የተቀዱ ይሆናሉ። እነሱ በዓለም ላይ ቅጂ የላቸውም።

እዚህ ወንበርማም ሆነ ቡሬ ወይም ፍኖተ ሰላም ዙሪያ በዚያ ዘመን ቴፕ የገዛ ሰው ዘፈን ማጫወቻ ብቻ አልነበረም የገዛው። መቅጃም ጭምር ነው የገዛው። ቀይዋን ቁልፍ ከማጫወቻው ጋር አብሮ ጭብጥ ማድረግ ነው። ሠርግ ይቀዳል። አባወራው ጠጅ ቀመስ ሲያደርግ ይፎክራል፣ ያቅራራል፣ ይቀዳል። ለቅሶ ላይ አልቃሿ ስታወርድ የሚቀዳ ነበር፤ «ነውር ነው» እየተባለም። ጎጃም የቅኔ አገር ነውና የመምህሩን ቅኔ በካሴት ይዞ የቀረ የአብነት ተማሪም አይጠፋም። ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን የድምፅ ደብዳቤው ነው። ልጅቷ ጅዳ ወይ ቤይሩት ናት፤ እናት ፊደል አልቆጠሩም። ወረቀት ብትልክ አንባቢ ይፈለጋል፣ የሆዷን ነገር ቀድሞ የሚሰማው የጎረቤት ተማሪ ነው። ካሴት ግን ቀጥታ ለእናት ጆሮ ነው። አንዳንዷ አገር ቤት አልተመለሰችም። የቀረው ያ ካሴት ነው።

ታዲያ ባዶ ካሴት እንደ ልብ አይገዛም ነበር። ዘዴው የታወቀ ነው፤ ከሱቅ ካሴት ጀርባ ባሉት ሁለት ቀዳዳዎች ወረቀት ወትፎ፣ ወይ ፕላስተር ለጥፎ፣ በዘፈኑ ላይ መቅዳት። ስለዚህ ሽፋኑ ላይ ያለውን ፎቶ አትመኑት። ሽፋኑ የነዋይ ሆኖ ውስጡ የአያትህ ሊሆን ይችላል። ጀርባው ላይ ወረቀት የተወተፈበት ካሴት ካየህ መጀመሪያ እሱን ለይተህ አስቀምጥ።

አንድ ጎረቤቴ ባለፈው ክረምት «ዘፈን ነው፣ ስማው እስቲ» ብሎ አንድ ካሴት አመጣልኝ። አንደኛው ገጽ በእርግጥ ዘፈን ነው። ሁለተኛው ገጽ ላይ ዘፈኑ መሃል ላይ ቋ ብሎ ይቋረጥና ሰው ይንጫጫል። ከዚያ አንድ ሰው ይፎክራል። እኔ አላወቅኩትም፤ ጎረቤቴም አላወቀውም። ያወቁት እናቱ ናቸው። አባቱ ነበር። ሲያርፍ ልጁ የሁለት ዓመት ሕፃን ስለነበር የአባቱን ድምፅ ሰምቶ አያውቅም፣ ማለቴ የሚያስታውሰው አልነበረም። እናትየው ከኋላ «ዝም በሉ፣ እየቀዳ ነው» የምትለዋ ሴት ማን እንደሆነች፣ ሠርጉ የማን እንደነበር፣ ፉከራው ውስጥ የሚጠራው ሰው የየትኛው ጎጥ እንደሆነ ነገሩን። ሁሉም ነገር 11 ደቂቃ ነው። እሳቸው ባይኖሩ ኖሮ የማናውቀው ሰው ጩኸት ብለን እናጠፋው ነበር።

የምቸኩለው ለዚህ ነው። ካሴቱ ያረጃል፤ ጭስ ይገባዋል፣ ይሻግታል፣ ክሩ ላይ ያለው ዱቄት ይረግፋል። ያም ሆኖ ከነጉዳቱ ዓመታት ሊቆይ ይችላል። «ይሄ እኮ እገሌ ነው» የሚለው ሰው ግን ብዙ ጊዜ ከካሴቱ ቀድሞ ይሄዳል።

«ታዲያ ከተማ ወስዶ ማስገልበጥ አይቀልም?» የሚል አይጠፋም። ይቀላል። አንድ ዘመዴ እንደዚያ አድርጎ የመለሱለት የመጀመሪያውን ገጽ ብቻ ነው። ሁለተኛውን ጀምረው ዘፈን ሲሰሙ «ዘፈን ነው» ብለው ዘለሉት። በአስቸኳይ የሚገለብጥ ሰው ምን ያድርግ፣ የሚፈልገው ድምፅ የቱ እንደሆነ በምን ያውቃል? የ60 ደቂቃ ካሴት ለመገልበጥ 60 ደቂቃ ይፈጃል፤ ማፋጠኛ የለውም። ቁጭ ብሎ የሚሰማ የቤት ሰው ያስፈልገዋል።

የሱቅ ካሴትስ ፈላጊ አያጣም። ኃይሉ መርጊያን ታውቁታላችሁ፣ የዋልያስ ባንዱን። እ.ኤ.አ. በ1985 አሜሪካ ሆኖ ብቻውን አኮርዲዮንና ኪቦርድ እየተጫወተ አንድ ካሴት ሠራ። ከዚያ ለብዙ ዓመታት ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ ሲነዳ ኖረ። ብራያን ሺምኮቪትስ የሚባል አሜሪካዊ ካሴት ሰብሳቢ ያንን ሥራ ያገኘው የት መሰላችሁ? እዚሁ አጠገባችን፣ ባሕር ዳር። ኃይሉን ፈልጎ አገኘው፤ እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ታተመ፤ ሰውየውም ወደ መድረክ ተመልሶ ዓለምን ዞረ። በጣም ደስ የሚል ታሪክ ነው። ለአባትህ ፉከራ ግን ከአሜሪካ የሚመጣ ሰብሳቢ የለም። ያለኸው አንተ ነህ።

እሺ፣ ስትገዛ ምን ታያለህ? መጀመሪያ የራሱ ድምፅ ማጉያ ያለው ይሁን። በጆሮ ማዳመጫ ብቻ የሚሠራውን አልመክርህም፤ ለአንድ ሰው ነው፣ እኛ የምንፈልገው እናትህም አጎትህም አብረው እንዲሰሙ ነው። ሁለተኛ፣ በገመድ ከኮምፒውተር ጋር የሚገናኘው ይሻላል። ኦዳሲቲ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፤ በእሱ ትቀዳዋለህ። ኮምፒውተር ከሌለህ ጸጥ ባለ ክፍል ስልክህን ድምፅ ማጉያው አጠገብ አስቀምጠህ ቅዳ። ጥራቱ ይቀንሳል፤ ጨርሶ ከማጣት ግን ስንት እጥፍ ይሻላል። ሦስተኛ፣ መቅጃ ቁልፍ የሌለውን ምረጥ። ካለው ደግሞ ካሴቱን ከመክተትህ በፊት ከጀርባው የተወተፈውን ወረቀት አውጣ፤ ጀርባው ያልተሰበረ ከሆነ ሁለቱን ትንንሽ ፕላስቲኮች ስበራቸው። አንድ ጣት ብትሳሳት 30 ዓመት የኖረው ድምፅ ላይ ያንተ ሳል ይቀዳበታል።

የቤቱን ካሴት መጀመሪያ እንዳትከት። ብትበላ ቅር የማትልህን አንድ የሱቅ ካሴት አስቀድመህ ሞክር። ሄዱን በጥጥና በአልኮል ጥረገው። የሱቅ ዘፈን ሌላም ጥቅም አለው። ያንኑ ዘፈን ከስልክህ ጋር አብረህ አጫውተው፤ ማጫወቻው እየቀደመ ከሆነ የሰዎቹም ድምፅ የሕፃን ድምፅ ይሆንብሃል ማለት ነው። የብዙዎቹ ሞተር ጀርባ ላይ ፍጥነት የምታስተካክል ትንሽ ብሎን አለች፤ በቀጭን ካቻቢቴ በጣም በጥቂቱ ታዞራታለህ። ድንጋዩ አዲስ ይሁን። ለዓመታት ያልተነካ ካሴት ሲሆን ክሩ እርስ በርሱ ይጣበቃልና ከማጫወትህ በፊት በእስክሪብቶ ቀስ ብለህ ከዳር እስከ ዳር አጠንጥነህ መልሰው። የ90ና የ120 ደቂቃ ካሴት ክሩ ቀጭን ስለሆነ ቶሎ ይበላል፤ በእሱ ላይ እጅህን አታፍጥን።

ደግሞ ዳንቴል ለብሶ ቡፌ ላይ የተቀመጠውን ትልቁን ቴፕ አትናቁት። ብዙውን ጊዜ የሞተው የላስቲክ ቀበቶው ብቻ ነው፤ ቀልጦ እንደ ሬንጅ ይሆናል። ድሮ ቴፕ ይጠግኑ የነበሩት ሰዎች ዛሬ ሞባይል ጠጋኝ ሆነዋል፤ እጃቸው ግን አልረሳም። እሱ ከተነሣልህ ብርህን አስቀምጥ፤ በመዘውሩ ክብደት ብቻ ከአዲሱ ይበልጣል።

«ሁሉ ነገር ስልክ ላይ አለ» ለምትሉኝ፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ሲጠፋብን ምን እንደቀረልን ታስታውሳላችሁ። ስልካችን ላይ አለ ያልነው ዘፈን ሌላ ሰው ቤት ነበር። እኔም ካሴቶቼን አውርጄ ማየት የጀመርኩት በዚያ ሰሞን ነው። ስለዚህ የገለበጣችሁትንም ቴሌግራም ላይ ልካችሁ አትተኙ። አንዱን ሜሞሪ ላይ፣ ሌላውን እህታችሁ ወይ ወንድማችሁ ጋ አስቀምጡ። ፋይሉን ስትሰይሙ «ኦዲዮ 3» ብላችሁ አትተዉት፤ ማን፣ የት፣ በግምት መቼ፣ ማን እንደለየው ጻፉ። ካሴቱንም ከገለበጣችሁ በኋላ አትጣሉት።

የሱቁን ዘፈን ግን ገልብጣችሁ እንዳትበትኑ፤ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ፣ ባለቤት አለው። የቤቱም ባለቤት አለው። ቲክቶክ ላይ የሰው ሙሾ የምትለጥፉ ልጆች፣ እባካችሁ! ከጅዳ የተላከ የድምፅ ደብዳቤ የላከችው ልጅ በሕይወት ካለች የእሷ ነው፤ ከሌለችም የእናቷ ነው። ጠይቁ።

የዛሬውን ጠያቂዬን በተመለከተ፣ ግዛው ብያለሁ፣ ግን እስኪመጣ አትጠብቅ። እኔ ጋ አንድ አለ። ሽንዲም ሆናችሁ በዙሪያዋ ያላችሁ ቅዳሜ ወይ እሑድ ከሰዓት ካሴታችሁን ይዛችሁ ኑ፤ ድንጋይ እናንተ፣ ቡና ከእኔ። ስትመጡ ግን ካሴቱን ብቻ አትላኩት። ከዚያ ቤት ውስጥ በዕድሜ የሚገፉትን ሰው ይዛችሁ ኑ፤ መምጣት ካልቻሉ ንገሩኝ፣ ማጫወቻውን ይዤ እኔ እመጣለሁ።