«አልተከተበም» ወይስ «አልተመዘገበም»?

ሰሞኑን የልጅ ልጄ ከዩኒቨርሲቲ ለእረፍት ቆቦ መጥቷል። የቆላው ሙቀት ቤት ስለማያስቀምጥ ማታ ማታ በረንዳ ላይ ላፕቶፑን ከፍቶ ይሠራል። የሚሠራው የሕፃናት ክትባት መመዝገቢያ ሲሆን፣ የሚጽፍበት የኮምፒውተር ቋንቋ ፒኤችፒ ይባላል።

«እማማ፣ የኩፍኙ ቀን ባዶ ሆኖ ይወጣብኛል» አለኝ።

«እስቲ አስረዳኝ፤ እኔም ዕድሜዬን በመዝገብና በካርድ መሀል ነው የጨረስኩት» አልኩት።

ውድ ወላጆችና አያቶች፣ የገባኝን በጤና ጣቢያ ቋንቋ ላካፍላችሁ።

ፒኤችፒ ብዙ መረጃ አንድ ላይ የሚይዝባቸው ሁለት መንገዶች አሉት። አንዱ አሬይ ነው፤ እንደ መዝገብ መደርደሪያ ቁጠሩት። የሚከፈተው በአራት ማዕዘን ቅንፍ ነው። ፔንታ ክትባት በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት ይሰጣል አይደል? ፒኤችፒ ግን ከዜሮ ስለሚቆጥር ሦስተኛው የሚገኘው $ፔንታ[2] ላይ ነው። መለያው ስምም ሊሆን ይችላል፦ 'ኩፍኝ' => '9 ወር'። ይህ ባለሁለት መስመር ቀስት መለያውን ከመረጃው ጋር ያስራል። ለማውጣት $መዝገብ['ኩፍኝ'] ይባላል።

ሌላው ኦብጀክት ነው፤ እንደ አንድ ሕፃን የግል ካርድ። እሱ የሚከፈተው በነጠላ ቀስት ነው፦ $ካርድ->ስም።

የልጄ ስህተት አሬዩን በካርድ ቀስት መክፈቱ ነበር፦ $መዝገብ->ኩፍኝ። እንዲህ ሲሆን ፒኤችፒ ሥራውን አያቆምም፤ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ባዶ ይመልሳል።

እሱ ግን ቀስቱን በማረም ፈንታ ?? የሚባል ምልክት ጨመረ። ትርጉሙ «መረጃው ከሌለ ይህን ጻፍ» ነው፤ ማስጠንቀቂያውንም ዝም ያሰኛል። ቀጥሎ የጻፈው ቃል «አልተከተበም» የሚል ነበር። የተከተቡት ሕፃናት ሁሉ በአንድ ጊዜ ያልተከተቡ ሆኑ!

እዚህ ላይ ተቆጣሁ። አንድ ጊዜ ከሮቢት በኩል ካርድ የጠፋባት እናት ልጇን አዝላ መጣች። መዝገቡን ሳገላብጥ የቢሲጂው ቦታ ባዶ ነው። የሕፃኑን ክንድ ገልጬ ሳይ ግን ጠባሳው ቁልጭ ብሎ ይታያል። ክትባቱ ተሰጥቷል፤ ያልጻፈው ሰው ነው። የተገላቢጦሹ ደግሞ ይብሳል፤ ባዶውን ቦታ «ተከትቧል» ብሎ የሚሞላ ቢኖር፣ ያልተከተበ ሕፃን ለኩፍኝ ተጋልጦ ይቀራል።

«ልጄ፣ ባዶ ቦታ ምስክር አይደለም። ጠይቅ፣ ክንዱን እይ፣ ከዚያ ጻፍ» አልኩት።

ቀስቱን በቅንፍ ሲተካው ቀኖቹ ወጡ። በእውነት ባዶ ለሆኑት ደግሞ ቃሉን «አልተመዘገበም» አለው።

የእናንተም ልጆች እንዲህ ያለ ሥራ ሲያሳዩዋችሁ «እኛ ኮምፒውተር አናውቅም» ብላችሁ አትሽሹ። «መረጃው ሲጠፋ ምን ብሎ ይጽፋል?» ብላችሁ ጠይቋቸው። የክትባት ካርዱንም ከሳጥን አውጥታችሁ ተመልከቱት፤ ባዶ ቦታ ካለ ይዛችሁት ጤና ጣቢያ ጎራ በሉ።