ከድሬዳዋ እስከ አዲስ አበባ ስንት ሰዓት ነው?

ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ የጂኦግራፊ መምህራችን፥ «ከድሬዳዋ እስከ አዲስ አበባ ምን ያህል ይርቃል?» ብለው በጠየቁን ጊዜ፥ እጄን አንሥቼ «በአይሮፕላን አንድ ሰዓት ነው» ብዬ መለስሁ። ጓደኞቼም ትክክል ነው አሉ። ዛሬ ግን ያ መልስ ጎደሎ እንደ ነበረ ለተከበራችሁ ወላጆችና መምህራን፥ ለውድ ጓደኞቼም ለማስረዳት እወዳለሁ።

በእርግጥ በቀጥታ መሥመር ሲለካ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ርቀት 340 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አይሮፕላኑም በአንድ ሰዓት ያደርሳል። የመኪናው መንገድ ግን ከ450 ኪሎ ሜትር ስለሚበልጥ፥ በአውቶቡስ የሄደ ሰው ቀኑ በመንገድ ያልቅበታል። ከዋሽንግተን እስከ አዲስ አበባ ደግሞ 11,500 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፥ በመካከል ሳያርፍ የሚበር አይሮፕላን 13 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል።

አምና በአዲስ አበባ ይኖሩ የነበሩት ሴት አያቴ ዐረፉ። ወሬው ከቀትር ጥቂት አልፎ ደረሰን። ለአክስቴም ወደ ዋሽንግተን በዚያው ሰዓት ተደወለላቸው። በዚያ አገር ገና ንጋት ነበርና፥ አክስቴ የዚያኑ ዕለት አይሮፕላን ደርሰውበት በማግሥቱ ጧት አዲስ አበባ ገቡ። አባቴ ግን ለአይሮፕላን የሚበቃ ገንዘብ በእጃቸው ስላልነበረ፥ በማግሥቱ ገና ሳይነጋ በአውቶቡስ ተነሡ። ቀብሩ ለዘጠኝ ሰዓት ተቆርጦ ነበር፤ እስከ ዐሥር ሰዓት ጠበቋቸው። አውቶቡሱ በመንገድ ስለ ዘገየ አባቴ የደረሱት ሲመሽ ነው። ያገኙትም ድንኳኑን ብቻ ነበር።

እንግዲህ ለአዲስ አበባ የሚቀርበው የትኛው ከተማ ነው? ካርታው ድሬዳዋ ይላል። በዚያ ቀን ግን ዋሽንግተን ቀረበች።

ይህን ስል ሥልጣኔን መንቀፌ አይደለም። ከተማችን ራሷ የባቡር ልጅ ናት፤ የተቆረቆረችው ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. እዚህ በደረሰ ጊዜ ነው። ሐዲዱ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ፥ በበቅሎና በግመል ሳምንታት ይፈጅ የነበረው ጉዞ ጥቂት ቀን ብቻ የሚወስድ ሆነ። ይሁን እንጂ መንገዱ ያጠረው ቲኬት ለመግዛት ለቻለ ሰው ነበር፤ ለቀረው ያው የበቅሎ መንገድ ነው።

ስለዚህ የሁለት ከተሞች ርቀት ስንጠየቅ፥ ኪሎ ሜትሩን ብቻ ሳይሆን ከቤት እስከ ቤት የሚፈጀውን ሰዓትና ለጉዞው የሚያስፈልገውንም ገንዘብ አብረን መቁጠር ይገባናል እላለሁ። የእኛ ቤት ሰዎች ይህን ሳንቆጥር ቀርተን፥ «አንድ ሰዓት ነው፤ መቼም እንደርሳለን» እያልን አያቴን ሳንጠይቃቸው ሦስት ዓመት አለፈ።

ወንድ አያቴ ዛሬም በሕይወት አሉ። በሚመጣው የትምህርት ዕረፍት አባቴና እኔ ልንጠይቃቸው ወስነናል። የምንሄደው በአውቶቡስ ነው፤ አንድ ሙሉ ቀን ይፈጅብናል።