«ባዶ መሬት» ላላችሁኝ ልጆች

እኔ የምለው፣ «በረሃ ገባ» ማለት ከመቼ ወዲህ ነው ሽርሽር የሆነው? በአባቶቻችን ጊዜ በረሃ የገባ ሰው ወይ ሸፍቷል፣ ወይ ታጋይ ሆኗል፣ ወይ በጅቡቲ በኩል ሊሰደድ ነው። እኔ ግን ባለፈው ሚያዝያ ከአክስቴ ልጆችና ከጓደኞቻቸው ጋር በረሃ የገባሁት አምስት ሞተር፣ በረዶ የሞላ ሣጥን ለስላሳና አንድ ሳህን ቋንጣ ፍርፍር ይዘን ነው። ቦታው ሞሃቪ በረሃ ውስጥ ያለው ጆንሰን ቫሊ ነው፤ ከሎስ አንጀለስ ከሁለት ሰዓት በላይ ያስነዳል።

እውነቱን ልናገር፣ ወድጄዋለሁ። ሁለቴ ወደቅኩ፤ ፍሪሲዮኑን ቶሎ ለቅቄው ሞተሩ ከሥሬ አምልጦ ሄደ፤ አቧራ በላሁ። ከሰዓት በኋላ ግን መርገጫው ላይ ቆሜ (ተቀምጦ መንዳት ወገብ ይሰብራል፣ ጉብታውን የሚውጠው ጉልበት ነው) የደረቀውን ሐይቅ ወለል ሳቋርጥ እልል ብያለሁ። ሄልሜት ውስጥ እልልታን ማንም አይሰማም። «ሴት ልጅና ሞተር» የምትሉ ደግሞ ሌላ ቀን እንገናኛለን።

ጠቡ የመጣው ከምሳ በኋላ ነው። አንዱ ልጅ የተነዳበትን መንገድ ትቶ በቁጥቋጦው መሀል ሲያስጓራ «ኧረ ተው!» ብለው «ባዶ መሬት እኮ ነው፣ ማንን ነው የምጎዳው?» አለኝ። «ጋዜጠኛዋ ጀመራት» ተብሎ ተሳቀ።

ሕጉ እዚያ ቦታ ከመንገድ ወጥቶ መንዳትን ይፈቅዳል፤ ስለዚህ ፖሊስ አልጠራም። የኔ ጠብ «ባዶ» ከሚለው ቃል ጋር ነው። ትምህርት ቤት «ማንም አልነበረም» የሚልህን ሰው መጀመሪያ የት ቆሞ እንዳየ ጠይቀው ይሉን ነበር።

እዚያው አካባቢ «ኪንግ ክሎን» የሚባል፣ በክብ የበቀለ የክሪዮሶት ቁጥቋጦ አለ፤ ዕድሜው ወደ 11,700 ዓመት ይገመታል። አክሱም ሳትታሰብ የበቀለ ነው! የበረሃዋ ኤሊ ደግሞ ከ1990 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ህልውናቸው አደጋ ላይ ነው ተብለው በአሜሪካ ሕግ ከሚጠበቁት አንዷ ናት። አብዛኛውን ዕድሜዋን የምታሳልፈው ጉድጓድ ውስጥ ነው። እሷን ሳያዩ «ምንም የለም» ማለት በሌሊት አዲስ አበባን አይቶ ሰው አይኖርባትም እንደ ማለት ነው። ስትደነግጥ በፊኛዋ ያጠራቀመችውን ውኃ ትለቀዋለች፤ በደረቅ ወቅት ያ ውኃ ነፍሷ ነው። ዱካው ይጠፋል ብላችሁም አትጽናኑ። ጄኔራል ፓተን በ1942 (እ.ኤ.አ.) ወታደር ያሠለጠነበት የታንክ ዱካ ሞሃቪ ላይ ዛሬም ይታያል።

«ባዶ መሬት» የሚለውን ቃል ደግሞ ከማንም በላይ እኛ ብንፈራው ይሻል ነበር። አዋሽ ሸለቆ ላይ ጥጡና ሸንኮራው ሲተከል፣ በ1966 (እ.ኤ.አ.) ብሔራዊ ፓርኩ ሲቋቋም፣ መሬቱ የአፋርና የከረዩ ከብት የሚግጥበት ነበር። ከአዲስ አበባ ሆኖ ካርታ ለሚያይ ሰው ግን ቤት የለበትም። አርብቶ አደር ግጦሹን ተከትሎ ይሄዳላ! ዝናብ ጠብቆ ሲመለስ ቦታው ተይዞ አገኘው። ሞሃቪም ቢሆን ሴራኖና ቼሜዌቪ የሚባሉ ሕዝቦች አሉት፤ በረሃውን እኛ አላገኘነውም።

«ታዲያ ሞተር ይከልከል ልትይ ነው?» አይ፣ ምን በወጣኝ! ጆንሰን ቫሊ ውስጥ ተነድቶባቸው የላሸቁ መንገዶች ዕድሜ ልካችንን ይበቁናል፤ የሐይቁ ወለልም አለ። ሺህ ሰው የረገጠውን መንገድ ሺህ አንደኛ ሆኖ መርገጥ ምኑ ነው የሚያሳፍረው? ወይስ ፎቶው ላይ አያምርም?

ስንመለስ እስከ ቪክተርቪል ድረስ ማንም አላናገረኝም። ራዲዮኑ እንኳ ተዘግቶ ነበር። በሚመጣው ወር ድጋሚ ልትሄዱ እንደሆነ ሰምቻለሁ፤ እኔን የጠራኝ የለም። ጓንቴ ግን መኪናችሁ ውስጥ ነው። ወይ መልሱልኝ፣ ወይ ይዛችሁኝ ሂዱ።