ፈቃዷን ማን ጠየቃት?
ስለ «ድፍረት» ፊልምና ስለ ጠለፋ

አማርኛችን አንዱን ቃል ለሁለት ተቃራኒ ነገሮች ማዋል ያውቅበታል። «ድፍረት» ሲባል የጀግና ልብ ማለት ነው፤ ያው ቃል ስለ ሴት ልጅ በተነገረ ጊዜ ግን መደፈሯን፣ ክብሯ መገሰሱን ያመለክታል። ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ እ.ኤ.አ. በ2014 ለዓለም ሕዝብ ያቀረበውን ፊልም በዚህ ስም መሰየሙ ማስተዋል ነው እንላለን። ፊልሙ በአሜሪካው የሰንዳንስና በጀርመኑ የበርሊን የፊልም በዓላት የተመልካችን ሽልማት አግኝቷል። እኛ ግን ዛሬ የምናነሣው ሽልማቱን አይደለም፤ ፊልሙ በገዛ አገሩ ያስነሣውን ጥያቄ ነው።

ታሪኩ በእውነት ከደረሰ ነገር የተቀዳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 በአርሲ አንዲት የ14 ዓመት ተማሪ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሚስት ሊያደርጋት በፈለገ ሰው ተጠለፈች፤ ተደፈረች፤ ልታመልጥም ስትል ጠላፊዋን በጠመንጃ ገደለች። በነፍስ ግድያ ተከሰሰች። የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር መሥራች የሆኑት ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ጥብቅና ቆመውላት፣ ራሷን ለመከላከል ያደረገችው መሆኑ ታምኖ በነፃ ተለቀቀች።

ይህች ልጅ ጥይት እስከምትተኩስ ድረስ ፈቃዷን የጠየቃት ማን ነበር? ጠላፊው አልጠየቃት። ልማዱም አልጠየቃት፤ «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» ብሎ የሚተርተው ልማድ ጉዳዩን ለአባትና ለሽማግሌ ይተወዋል፤ ሽማግሌዎችም ካሣ ቆርጠው ሁለቱን ቤተ ዘመድ ያስታርቃሉ፤ የታረቁት ግን ወንዶቹ ናቸው። የሚያስገርመው ሕጉም ቢሆን አለመጠየቁ ነው። በዚያን ጊዜ ይሠራበት የነበረው የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በአንቀጽ 558 ጠለፋን ወንጀል ነው ካለ በኋላ፣ የተጠለፈችው በፈቃዷ ጠላፊዋን በሕግ ካገባች ጋብቻው እስካልፈረሰ ድረስ ክስ አይቀርብበትም ይል ነበር። በሰው ቤት ተዘግታ፣ ወደ ወላጆቿ ብትመለስ ማን ያገባኛል እያለች የምታለቅስ ልጅ የምትሰጠው ቃል ምን ዓይነት ፈቃድ ነው? የሕጉ ቃል ፈቃድ ይላል፤ ውጤቱ ግን ለጠላፊው የማምለጫ በር መክፈት ነበር።

ይህ በር ዛሬ ተዘግቷል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ቀድሞ ለሴት 15 ዓመት የነበረውን የጋብቻ ዕድሜ ከወንዱ ጋር እኩል 18 አደረገው፤ ባል የቤተሰቡ ራስ ነው የሚለውንም የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ አስቀረ። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 587 ጠለፋን ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እሥራት ያስቀጣል አለ፤ ኋላ ጋብቻ መፈጸሙም ከቅጣት አያድንም። እኛ በዚህ ሕግ ዘመን ፊደል የቆጠርን ወጣቶች ነገሩ ያለቀ መስሎን ነበር ያደግነው ለማለት ይቻላል። ነገር ግን በ2015 ዓ.ም. በሐዋሳ ከተማ የተፈጸመው ጠለፋ አገሩን ሁሉ ሲያነጋግር እንዳየነው፣ ሕግ በአዋጅ ይሻራል፤ ልማድ ግን በአዋጅ ብቻ አይሻርም።

ወደ ፊልሙ እንመለስ። በ2006 ዓ.ም. መጨረሻ «ድፍረት» በአዲስ አበባ ሊመረቅ እንግዶች ተሰብስበው ሳለ፣ የፍርድ ቤት እግድ መጥቶ ሳይታይ ቀረ። አቤት ያለችው ባለታሪኳ ራሷ ነበረች፤ ታሪኬ ያለፈቃዴ ተወሰደ የሚል ነው አቤቱታዋ። እግዱ ኋላ ተነሥቶ ፊልሙ ለሕዝብ ታይቷል፤ ክርክሩን ደግመን ለመዳኘት አንደፍርም። ሆኖም አንባቢ ሆይ፣ የነገሩን ምጸት አስተውል። መላ ቁም ነገሩ «ልጅቷን የጠየቃት የለም» የሚል ፊልም፣ በዚያችው በባለታሪኳ አንደበት «አልተጠየቅሁም» ተባለ።

አንዳንዶች ፊልሙ ለብዙ ሺህ ልጃገረዶች ስለሚጠቅም የአንዲቱ ቅሬታ ሊያግደው አይገባም ይላሉ። ፊልሙ መጥቀሙን እኛም አንክድም፤ ጠለፋን ባህል ነው እያለ ያልፍ የነበረን ተመልካች አሳፍሯል። ይሁን እንጂ «ለብዙኃኑ ይበጃል» የሚለው ቃል አዲስ አይደለም። ሽማግሌውም ልጅቱን ለጠላፊው ሲድር ለአገር ሰላም ይበጃል ይል ነበር። ዓላማው የቱንም ያህል የተለያየ ቢሆን፣ በሌላዋ ሕይወት ላይ ሳይጠይቁ መወሰኑ አንድ ነው።

ይኸው ሚዛን ለፖለቲካውም ይሠራል። በ2011 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ከሚኒስትሮች እኩሌታው ሴቶች ሆኑ፤ ወይዘሮ ሣህለ ወርቅ ዘውዴ ፕሬዚዳንት፣ ያችኑ ልጅ ያስፈቱት ወይዘሮ መዓዛም የጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው ተሾሙ። ደስ ብሎን ነበር፤ ደስታችንም ትክክል ነበር። ዛሬ ሁለቱም በዚያ ወንበር ላይ የሉም። ወንበር ይመጣል፣ ይሄዳል። ከላይ ካለው ሹመት ይልቅ ግን የገጠሯን ልጅ «አንቺስ ምን ትያለሽ?» ብሎ የሚጠይቅ ጠበቃና ማኅበር የበለጠ ያስፈልጋል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 621 ከገቢያቸው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኙ ማኅበራት በሰብአዊ መብት ሥራ እንዳይሠማሩ በከለከለ ጊዜ፣ የሴት ጠበቆቹ ማኅበር ክንፉ ተሰበረ፤ አዋጁ እስከ 2011 ዓ.ም. አልተለወጠም። በእነዚያ ዓመታት ጠበቃ አጥታ የቀረችውን ልጅ ፊልም የሠራላት የለም።

ስለዚህ ደራሲው ብዕሩን፣ ፊልም ሠሪው ካሜራውን፣ ሕግ አውጪው ማኅተሙን፣ ወላጅም ቃሉን ከማሳለፉ በፊት አስቀድሞ ባለቤቲቱን ይጠይቅ። እምቢ ብትልም እምቢታዋን ይስማ። ሴት ልጅ ድፍረቷ እንዲታወቅላት መጀመሪያ ጠመንጃ ማንሣት አይኖርባትም።